ሳይዋሹ ቀስ ብሎ መንገር

ብርቱካኑን አንድ በአንድ ነበር የመረጥኩት። 1980 ዓ.ም. ነው፤ ኮምቦልቻ የምሠራ ጀማሪ ነርስ ነበርኩ። የአጎቴ ልጅ ከደሴ መጣና «አባባን ትንሽ አሟቸዋል፤ ብቅ ብለሽ ብታያቸው» አለኝ። በሽተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅም። ገበያ ገባሁ። የበሰለውን ካልበሰለው እየለየሁ፣ ከሻጯ ጋር በሃምሳ ሳንቲም ስከራከር፣ እሱ አጠገቤ ቆሞ ዝም ብሎ ያየኛል። መጨረሻ ላይ ሒሳቡን እሱ ከፈለ። ገረመኝ። ገንዘብ ላይ እንዲህ እጁ የሚፈታ ልጅ አልነበረም።

የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጣን። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን 600 ሜትር ያህል ወደ ላይ ነው የሚወጣው። መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር ብርዱ ይጨምራል። አንዱ ኩርባ ላይ ጋቢውን አውልቆ ደረበልኝ። «ምናቸውን ነው ያመማቸው?» አልኩት። «ያው ጨጓራቸው መሰለኝ» አለ። ሌላ ኩርባ። «እህል ይቀምሳሉ?» አልኩት። «ትንሽ ትንሽ» አለ። እኔ ደግሞ ነርስ ነኝ፤ በልቤ መድኃኒት እያዘዝኩ ነበር።

ሰፈር ስንደርስ ድንኳን ተተክሏል። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች በር ላይ ቆመዋል። አባባ ያረፉት ሌሊቱን ነበር። ዘንቢሌን እንደያዝኩ ገባሁ፤ ማን ከእጄ እንደተቀበለኝ አላስታውስም። በሠልስቱ ዕለት የሰፈር ልጆች ግቢ ውስጥ ብርቱካን ሲልጡ አየሁ።

የአጎቴ ልጅ ክፉ ሰው አይደለም። እንዳልደነግጥ ብሎ ነው። ከሱ በፊት የነበሩትም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ግን ያን ሁሉ መንገድ ቀስ በቀስ የነገረኝ ነገር አልነበረም። እውነቱን ይዞ ቆይቶ ድንኳኑ እንዲነግረኝ ተወኝ። በዚያ ላይ «ትንሽ አሞታል» የሚባለውን ቃል ለዕድሜ ልኬ አበላሸብኝ። ከዓመታት በኋላ እህቴ ደውላ «እማዬን ትንሽ አሟታል» ስትለኝ ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ እያለቀስኩ ሄድኩ። እማዬ ጉንፋን ይዟት በረንዳ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?» አለችኝ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው የምኖረው። ነርስ ሆኜ የቆየሁበት ዘመን ወደ አርባ ዓመት ይጠጋል። የተወሰነውን ዓመት በኤች አይ ቪ ምክር ክፍል ሠርቻለሁ። የሰፈራችን ቅሬ ደግሞ መርዶ ሲኖር ይጠራኛል። (ወሎን ለማያውቅ፦ ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው።) ሰው «እንዴት ልንገራት?» እያለ ስለሚጠይቀኝ የማውቀውን ልጻፍ አልኩ።

መጀመሪያ የሚባለው ቃል

ከሁሉም በላይ የማጠብቀው አንድ ነገር ነው። መጀመሪያ የምትናገሩት ትንሽ ነገር፣ ትልቁ ሲነገር እውነት ሆኖ መገኘት አለበት። «ትንሽ አሟቸዋል» ካላችሁ በኋላ «አርፈዋል» ስትሉ የመጀመሪያውን ቃል መሻር ግድ ነው። የተሻረ ቃል ያለው ሰው ደግሞ ቀጥሎ የሚለው አይታመንም። «ሳይሰቃዩ ነው ያረፉት» ብትሉኝ ያኔ እንዴት አምናችኋለሁ? ጨጓራ ነው ስትሉኝ ነበር።

እውነት የሆነ መሰላል ይሠራል። የአጎቴ ልጅ እንዲህ ሊለኝ ይችል ነበር፦ «ከባድ ነገር ገጥሞናል፤ አባባን ይመለከታል።» ከዚያ ትንሽ ቆይቶ «ትናንት ማታ በጠና ታመሙ።» ከዚያ «ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፤ ሊያተርፏቸው አልቻሉም።» ከዚያ «ሌሊት አረፉ።» እያንዳንዱ ደረጃ እውነት ነው። የኋለኛው የፊተኛውን አይሽርም። ድንጋጤውም በአንድ ጊዜ ዱብ አይልም፤ ልብ ራሱ አንድ እርምጃ ቀድሞ ይሄዳል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚባለው እንደዚህ ሲሆን ነው። ንጋቱ ሲጠራ ይቆያል እንጂ ከመጀመሪያውም ንጋት ነው።

በመሰላሉ መሃል ሰውየው «ሞተ?» ብሎ ከጠየቀ መሰላሉ አልቋል። «አዎ» በሉ። በቀጥታ ለተጠየቀ ነገር ዳር ዳር ማለት ከውሸት አይለይም። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። አራት አረፍተ ነገር አዘጋጅቶ ይመጣና ሁለተኛው ላይ ሲጠየቅ ይደነግጣል፤ «አይ፣ እንደሱ እንኳ አይደለም» ይላል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም።

መርዶ

መርዶ በአብዛኛው ንጋት ላይ ነው የሚነገረው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ። ምክንያት አለው። ሰውየው አንድ ሌሊት ተኝቷል። ጎረቤት ለሥራ አልወጣም። ቀኑን ሙሉ የሚያለቅስበትና ሰው የሚያጽናናበት ጊዜ አለ። ይሄን ወግ እወደዋለሁ። ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ቀብሩ አይዘገይም፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ዕለት ነው። «ነገ ጠዋት እንነግራታለን» ማለት ቀብሩን መንሳት ይሆናል። የኛ ሰፈር ድብልቅ ነው፤ አንዱ ግቢ ዱዓ ሲደረግ ሌላው ግቢ ፍትሐት ነው። ስለዚህ ቅሬው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ጥሩምባ ነው። የቅሬው ጥሩምባ ነፊ ከእናንተ ቀድሞ ከወጣ ሥራችሁ አበቃ። አሁን ደግሞ ከጥሩምባው የሚብስ መጥቷል። አንድ የአክስት ልጅ አዲስ አበባ ሆኖ የሟቹን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ የወንድሟን ሞት ያወቀችው እንዲህ ነው። እኛ በር ላይ ጫማ እያወለቅን፣ እሷ ውስጥ ስልኳን ይዛ ጮኸች። ከዚያ ወዲህ ለመርዶ ስንነሳ አንድ ወጣት እንመድባለን። ሥራው ለዘመዶች እየደወለ «እስክንነግራት ምንም እንዳትለጥፉ» ማለት ብቻ ነው።

ስንት ሰው ይሂድ? ቅሬው ቢተው ሃያ ሰው ይሰለፋል። እኔ ሦስት ይበቃል እላለሁ። አንድ የሚናገር፣ አንድ አጠገብ የሚቀመጥ፣ አንድ በር ላይ የሚቆም። የቀረው ከአጥር ውጭ ይጠብቅ። በሌሊት በር ሲንኳኳ ደሴ ውስጥ ደብዳቤ መጣልኝ ብሎ የሚያስብ የለም። ሃያ ሰው ካየች ገና በሩን ስትከፍት ተነግሯታል። ሦስትም ብንሆን ታውቃለች። ስለዚህ በሩ ከተከፈተ በኋላ ያላችሁ ጊዜ አንድ ደቂቃ ነው። «እንዴት አደርሽ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ብርዱ እንዴት ነው» እያሉ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች አሉ። እግዜር ይይላቸው! የዚያች ሴት ልብ ተሰቅሎ እያለ ስለ ብርድ ያወራሉ።

ሽማግሌዎች የሚረሱትን ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ነርስነቴ ይመጣል። ከመናገራችሁ በፊት ዙሪያውን እዩ። ምድጃው ላይ ጀበና ካለ አውርዱት፤ ፍም ካለ ከክፍሉ አውጡት። ስትወድቅ የምትወድቅበትን አስቡ። ከጠረጴዛ ጫፍ ይልቅ መደብ ላይ ትቀመጥ። የሚጠባ ልጅ ካቀፈች ልጁን ሌላ ሰው ይያዘው። ስኳር ወይም ግፊት ካለባት ኪኒኗ የት እንደሚቀመጥ ከቤተሰብ ጠይቁ። በለቅሶ ቤት ሦስት ቀን እህል ሳይቀመስ፣ ኪኒን ሳይዋጥ ይሰነበታል። በለቅሶው መሃል ራሳቸውን ስተው ሐኪም ቤት የመጡ ስንት እናቶች ተቀብያለሁ። እኔ የማደርገው ይሄ ነው፦ ኪኒኑን ለአንዲት ቆፍጠን ላለች ጎረቤት አስረክቤ ሰዓቱን እነግራታለሁ። የስኳር መርፌ የምትወጋ ከሆነች ግን ሳይበሉ መርፌ አደገኛ ነው፤ ያን ቀን ጤና ባለሙያ ጠይቁ።

ከዚያ ተናገሩ። ቃሉን በግልጽ በሉት። «አጣናቸው»፣ «ጥለውን ሄዱ» የሚባሉት በለቅሶ ግጥም ያምራሉ። በመርዶ ጊዜ ግን ሰው የመሰለውን ነው የሚሰማው። አንዲት እናት «ልጅሽን አጣነው» ሲሏት «የት ጠፋ? ፖሊስ ጋ ሄዳችሁ?» ብላ ነጠላዋን ስትፈልግ አይቻለሁ። «አረፈ» ወይም «ሞተ» በሉ። አንድ ጊዜ። ከዚያ ዝም በሉ።

ዝምታው ይከብዳል። እኛ ወሎዬዎች በተለይ አንችልበትም። ወዲያው «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እንላለን፤ አይዞሽ ማለት ነው። አብሽር የሚለውን ቃል እወደዋለሁ፤ ሌላ አገር ስሄድ ከሁሉ የሚናፍቀኝ እሱ ነው። ግን ሰዓት አለው። በመጀመሪያው ደቂቃ «አብሽሪ» ሲባል «አታልቅሺ» ማለት ሆኖ ይሰማል። ትጩህ። ፊቷን እንዳትነጭ እጇን ያዙላት፤ አፏን ግን አትያዙ። «አብሽሪ» ከእንባው በኋላ፣ ውሃ ስትጠጣ ይመጣል።

«ለሱ እንዳትነግሩት»

ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ከሁሉ በላይ የሰማሁት አረፍተ ነገር ይሄ ነው። ልጆቹ ሐኪሙን ወደ ጥግ ይስቡታል። «ለአባታችን እንዳትነግርብን፤ ይሰበራል።» እነሱ ያለቅሳሉ፤ አባት ክፍል ውስጥ ብቻውን ጣራ ያያል።

አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ነገሩን ትንሽ ቀይሬዋለሁ። ከገጠር የመጡ ገበሬ፤ ካንሰሩ ተሰራጭቷል። ልጆቹ «ጨጓራ ነው» ብለዋቸዋል። (ይቺ ጨጓራ የስንቱን ሰው ኃጢአት ተሸከመች!) አንድ ማታ የሙቀት መለኪያ ይዤ ገባሁ። «አባቴ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ነገሩዎት?» አልኳቸው። ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረጉና ቀበቶአቸውን አሳዩኝ። የቆዳ ቀበቶ ነው። ከፋብሪካው ቀዳዳዎች ቀጥሎ በሚስማር የተበሱ ሦስት ቀዳዳዎች አሉት። የመጨረሻው አዲስ ነው፤ ዳሩ ገና ነጭ ነው። «ልጄ» አሉኝ፣ «ከመስከረም ወዲህ ሦስት ጊዜ በሳሁት። ጨጓራ ቀበቶ ያስበሳል?»

ያውቁ ነበር። ያላወቁት ማን ያውቃል የሚለውን ብቻ ነው። ልጆቹ እሳቸውን ይጠብቃሉ፤ እሳቸው ልጆቹን። በማግሥቱ ሐኪሙ ልጆቹን አስቀምጦ አነጋገራቸው፤ ከዚያ አብረው ገቡ። ሽማግሌው አለቀሱ? አላለቀሱም። መጀመሪያ የጠየቁት «እስከ አዝመራ እደርሳለሁ?» የሚል ነበር። ሁለተኛው ወንድማቸውን እንዲያስጠሩላቸው ነው። በአንድ ድንበር ተጣልተው ብዙ ዓመት አልተነጋገሩም። ወንድምየው መጣ። «ጨጓራ ነው» ተብሎ ቢሆን ወንድም ለጨጓራ አይጠራም።

ሐኪሞች ለዚህ የሚማሩት መንገድ አለ፤ ስፓይክስ ይሉታል። በፈረንጆቹ 2000 የካንሰር ሐኪሞች ያሳተሙት ባለስድስት ደረጃ ነው። ቦታውን አዘጋጅ፤ በሽተኛው ምን እንደሚያውቅ ጠይቅ፤ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቅ፤ በቀላል ቃል ንገር፤ ስሜቱን ተቀበል፤ ቀጣዩን አብራችሁ ወስኑ። ለእኔ ወርቁ ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው። ከመንገር በፊት መጠየቅ። ቤት ውስጥም ይሠራል። «ምን መሰለህ?» ብላችሁ ጠይቁና ጠብቁ። ግማሹን መንገድ ራሱ ሄዶት ታገኙታላችሁ፤ እናንተ ከቆመበት ጀምራችሁ ነው የምትነግሩት።

«ምን ያህል ልንገርዎት?» የሚለውም እውነተኛ ጥያቄ ነው። «ለልጄ ንገሩት፤ እኔ አልፈልግም» የሚል ሰው አለ። ያም መብቱ ነው። ልዩነቱ የመረጠው እሱ መሆኑ ነው። ደግሞ በዚያ ሰዓት ብዙ አታውሩ። ከባድ ቃል ከሰማ በኋላ ሰው ጆሮው ይዘጋል፤ የቀጠሮውን ቀን እንኳ አይዝም። ወረቀት ላይ ጻፉለት፤ በማግሥቱ እንደገና ንገሩት።

ለልጅ

ለልጅ ቀስ በቀስ ማለት ዓመታት ሊሆን ይችላል። ይሄን የተማርኩት ከኤች አይ ቪ ጋር ከተወለዱ ልጆች ነው። መድኃኒቱ በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ይኖራሉ ያላልናቸው ልጆች አደጉ፤ ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያ ጥያቄው መጣ፦ «ለምን እኔ ብቻ ነኝ የምውጠው?»

የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2011 ባወጣው መመሪያ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ስለ ራሳቸው ሁኔታ እንዲነገራቸው፣ ከዚያ በታች ላሉት ደግሞ እንደ ዕድሜያቸው ደረጃ በደረጃ እንዲሆን ይመክራል። እኛ ክፍል ውስጥ የምናደርገው እንዲህ ነበር። ለስድስት ዓመት ልጅ፦ «በደምህ ውስጥ ወታደሮች አሉ፤ ኪኒኑ ያበረታቸዋል።» ለስምንት ዓመት፦ «አንድ ተሐዋስ አለ። ኪኒኑ ያስተኛዋል፤ ካቋረጥክ ይነቃል።» ትንሽ ቆይቶ ስሙ ይነገራል። ያኔ ወታደሩም የተኛው ተሐዋስም እውነት ሆነው ይገኛሉ። ልጁ «ዋሻችሁኝ» አይልም፤ «ታዲያ ስሙ ይሄ ነበር?» ነው የሚለው።

አንዲት አያት ግን «የቶንሲል ነው» ብለውት ኖሩ። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እናቱን አያውቃትም። አንድ ቀን ክኒን መዋጥ አቆመ። ፍራሹ ሥር ደብቆት ተገኘ። አያት እያለቀሱ አመጡት። ለብቻችን ስንሆን ጠየቅኩት። «ጓደኛዬ ቶንሲሉን ተቆርጦ ዳነ። እኔም ቁረጡልኝና ልተወው» አለኝ። በሱ ቤት ሒሳቡ ልክ ነው። የተሳሳተው የተነገረው ነገር ነው። ስድስት ወር ያህል ፈጀብን፤ መጀመሪያ ቶንሲሉን ማፍረስ ነበረብን። አያትየው ራሳቸው ይቅርታ እንዲጠይቁት አደረግን። «ልጄ፣ ፈርቼ ነው የዋሸሁህ» አሉት። እሱ ጉልበታቸውን እያሻሸ «እሺ እማማ» አለ። ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቀው ያየው ያን ቀን ይመስለኛል።

ገንዘብ ላይ ግን

እስካሁን ቀስ በሉ ስል ቆየሁ። ገንዘብ ላይ ግን ቀስ አትበሉ። አንድ የሰፈር ጎረምሳ የእናቱን የእቁብ ብር በስልክ «ኢንቨስትመንት» አስበላ። ለእናቱ መጀመሪያ 20 ሺህ አለ። በሳምንቱ 50 ሺህ ሆነ። መጨረሻ ላይ 120 ሺህ ወጣ። እናቱ ለብሩ አንድ ጊዜ አዘነች፤ ለቁጥሩ ሦስት ጊዜ። ዛሬም «ዳቦ ግዛ» ብላው መልሱን ትቆጥራለች። ወሬውን በደረጃ ጀምሩት፤ «ትልቅ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ ብር ነው» በሉ። ቁጥሩን ግን አንዴ፣ ሙሉውን፣ ከነወለዱ። ሪሜዲያል የወደቀ ልጅም እንዲሁ ነው፤ «ውጤት ገና አልወጣም» እያለ ክረምቱን የሚገፋው በየቀኑ አዲስ ውሸት እየወለደ ነው።

ዓረብ አገር ላለች ልጅ

ወሎ ውስጥ ዓረብ አገር የሄደች ልጅ ያለችበት ቤት ብዙ ነው። ጅዳ፣ ሪያድ፣ ቤሩት። እናት ስትሞት ቤተሰቡ «ሰው ቤት ናት፤ ብቻዋን ናት፤ ስትመጣ እንነግራታለን» ይላል። መምጫዋ ሁለት ዓመት ነው። እስከዚያ በኢሞ ስትደውል «እማዬ ገበያ ሄዳለች»፣ «ተኝታለች»፣ «ስልኳ ተበላሽቷል»። ሆድ ይፍጀው ብለው ነው፤ ፍራቻቸውም ይገባኛል። ጨርቋን ጥላ ብትወጣስ? ከሕንፃ ብትወድቅስ? ግን ለእናቷ ብላ ብር እየላከች ነው። ለሞተች ሴት መድኃኒት የምትገዛ ልጅ አውቃለሁ። ይሄ ከኔ ብርቱካን ይብሳል።

አምና የጎረቤቴ ልጅ እናቷ አረፈችባት፤ እሷ ጅዳ ናት። ቤተሰቡ «አንቺ ንገሪያት» አለኝ። መጀመሪያ ያደረግኩት ለሷ አለመደወል ነበር። እዚያው ከተማ የምትኖር የሰፈራችን ልጅ ፈለግን። ነገርናት። ዓርብ እናቷ የሞተችባት ልጅ የዕረፍት ቀን ነው፤ እዚህችኛዋ ጓደኛዋ ዘንድ ትመጣለች። ሐሙስ ቢሆን አሠሪዋ ቤት፣ ዕቃ እያጠበች ነበር የምትሰማው። አንድ ቀን ጠበቅን። ጓደኛዋን «እስክታበስል ጠብቂ፤ ትብላ። ቢላውን አንሺ። በሩን ቆልፈሽ ቁልፉን ያዢ። ሌሊት አብራሽ ትደር» አልኳት። ለአሠሪዋም የምታስረዳበት ቃል አዘጋጀን፤ ቢያንስ ሦስት ቀን ፈቃድ እንድትጠይቅላት።

ዓርብ ከሰዓት በኢሞ ደወልኩ። ፊቴን ታየዋለች ብዬ ነጠላዬን አላዘቀዘቅኩም፤ ግን አልሳቅኩም። መጀመሪያ ያልኩት ስለ ኔትወርክ ነው። «የኔ ዓለም፣ መስመሩ ከተቋረጠ መልሼ የምደውለው እኔ ነኝ። እስክደውል እዚያው ተቀመጪ።» ይሄን መጀመሪያ መናገር ጥሩ ነው። በመሃል ተቋርጦ ስታብድ አስቡት።

«እሺ እትዬ» አለች። ድምፅዋ ቀጠነ።

«አጠገብሽ ማን አለ?»

ጓደኛዋን አሳየችኝ።

«እጇን ያዢ። ከባድ ነገር ነው የምነግርሽ። ስለ እማማ ነው።»

ዝም አለች። «አሟታል?» አለች።

«ታማ ነበር። ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኝታ ነበር።»

«ነበር?» አለች።

እዚያ ላይ መሰላሉ አለቀ። «አዎ» አልኳት። «ረቡዕ ሌሊት አረፈች።»

ስልኩ ወደቀ። የጣራው አምፖል ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ጩኸቷ ግን ይሰማኛል። ጓደኛዋ «ኢና ሊላሂ» እያለች ታለቅሳለች። እኔ ምንም አላልኩም። ሩብ ሰዓት ያህል አምፖሉን እያየሁ ተቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ ሁለቱንም ጊዜ መልሼ ደወልኩ። ሁለተኛው ላይ ስልኩን አነሳችው። ፊቷ አብጧል።

«ማን አጠባት?» አለችኝ።

ማን እንዳጠባት፣ ማን እንደከፈናት፣ ስንት ሰው እንደወጣ፣ ዝናብ እንደነበረ አንድ በአንድ ነገርኳት።